«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚሉ ሕመምተኛን ድካም መለካት፦ ለአስታማሚዎች የአሠራር መመሪያ

በስኳር፣ በደም ግፊት፣ በልብ፣ በኩላሊት ወይም በሌላ ሥር የሰደደ ሕመም የሚኖር ሰው ክትትል ክፍል ገብቶ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ነዎት?» ነው። መልሱ ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቷል፦ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» ግፊቱ ይለካል፣ ስኳሩ ይጻፋል፣ መድኃኒቱ ይታደሳል፣ የሦስት ወር ቀጠሮ ይሰጣል። ከቤቱ እስከ ታክሲ ተራ ሦስት ጊዜ አርፎ እንደመጣ ግን ካርዱ ላይ የትም የለም።

ብዙ ዓመት ክትትል ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ እኔም ስንት ሺህ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ድካም በደም ግፊት መለኪያ አይታይም። የሚታወቀው በትክክለኛ ጥያቄ፣ በቆጠራና ሰውየውን ከራሱ ከቀድሞው ጋር በማስተያየት ነው። ይህን ደግሞ አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ከእኛ የተሻለ ያውቀዋል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሰዓት፣ የክንድ መደገፊያ የሌለው ወንበርና አሥር ፍሬ ባቄላ ነው። የሰውነት ሚዛንና የግፊት መለኪያ ካለ መልካም፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም።

ከመጀመር በፊት፦ ደብተር የማይጠብቁ ምልክቶች

ድካሙ ከደረት ሕመም ጋር ከመጣ፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ በአንድ በኩል ያለው እጅ ወይም እግር ድንገት ከዛለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ራሱን ከሳተ ወይም መቀባዠር ከጀመረ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራም እንዲሁ ነው። የብረት እንክብል ሰገራን ሊያጠቁር ይችላል፤ ቢሆንም «በእንክብሉ ይሆናል» ብሎ መወሰን የሐኪም እንጂ የእርስዎ ሥራ አይደለም።

የስኳር ሕመምተኛ ድንገት ዝሎ ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ስኳሩን ይለኩ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ በእጅዎ ከሌለ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለኩ። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይጨምሩ፤ ወደ ሕክምና ይሩጡ።

1. «ድካም» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይለዩ

ድካም በቋንቋችን ሰፊ ቃል ነው። «ደከመኝ» ያለ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት፣ ጭኑ አልነሳ ብሎት፣ ሲቆም ዞሮበት፣ ወይም ምንም ነገር አላሰኘው ብሎም ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱ ምክንያት የተለያየ ስለሆነ ሐኪሙ የሚያዝዘው ምርመራም ይለያያል። ስለዚህ ረጋ ባለ ሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ ሲጠጣ ለምሳሌ፣ እነዚህን ይጠይቁ።

«ዳገቱን ሲወጡ መጀመሪያ የሚያቆምዎት ትንፋሹ ነው ወይስ ጉልበቱ?» ትንፋሹ ካሉ ሐሳቡ ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ደም ማነስ ይሄዳል። በዚያው ላይ «ሲተኙ ስንት ትራስ ነው የሚደርቡት?» ብለው ይጨምሩ። በአንድ ትራስ ይተኙ የነበሩ ሰው አሁን ሦስት ከደረቡ ወይም ሌሊት ታፍነው ተነሥተው መስኮት ከከፈቱ ቀጠሮ አይጠብቁ።

«ቁጭ ብለው ሬዲዮ ሲያዳምጡ እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አዎ ከሆነ የሚመረመረው ሌሊቱ ነው። ለሽንት ስንት ጊዜ ተነሡ? ያንኮራፋሉ? እያንኮራፉስ ትንፋሻቸው ቀጥ ይላል? ይህን የመጨረሻውን ሕመምተኛው ራሱ ሊያውቀው ስለማይችል አጠገቡ የሚተኛውን ይጠይቁ።

«ከበርጩማ ሲነሡ እጅዎን ይደገፋሉ? ጸጉርዎን ሲሠሩ ክንድዎ ይዝላል?» ይህ የጡንቻ አቅምን የሚነካ ጥያቄ ነው። «ብድግ ሲሉ ይዞርብዎታል?» የሚለው ደግሞ ሲቆሙ የሚወርድ ግፊትን ይጠቁማል።

የምወደውን ጥያቄ ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ፦ «ጉልበቱ ቢኖርዎት ኖሮ ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር?» ሰውነቱ የደከመ ሰው ይዘረዝርልዎታል፤ ጓሮውን እኮተኩት ነበር፣ እህቴን እጠይቅ ነበር፣ በርበሬዬን እቀነጥስ ነበር ይላል። መንፈሱ የደከመ ሰው ዝም ይላል፤ ወይም «ምን ይሠራል ብለሽ ነው» ይላል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

መልሱን በራሳቸው አፍ እንደተናገሩት ይጻፉ፤ አያሳምሩት። «ሰውነቴን ይቆራርጠኛል» እና «ሰውነቴ ዛለ» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሕመም አለበት።

2. በሚሠሩት ሥራ ይቁጠሩ

ስኳርና ግፊት ያለባቸው አንዲት እናት ነበሩ። በመጡ ቁጥር «ተመስገን» ነው። አንድ ቀን ልጃቸው አብራ መጣች። «እናትሽ አሁንም እንጀራ ይጋግራሉ?» አልኳት። «ድሮ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ትጋግር ነበር። የፋሲካ ለት ሃያ ጋገረች። አሁን አሥር ካወጣች በኋላ ትቀመጥና የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ» አለች። እናትየዋ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው «ምን ታሳብቂብኛለሽ!» ብለው ተቆጧት። ደማቸው ሲታይ ሄሞግሎቢናቸው (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) ከ9 በታች ወርዶ ተገኘ፤ ምንጩ ሲፈለግም ኩላሊታቸው በስኳሩ ተጎድቶ ነበር። ከሠላሳ ወደ አሥር የወረደው ቁጥር እኛ ካርዳቸው ላይ ከጻፍነው ሁሉ ቀድሞ ነገሩን ተናግሯል።

እርስዎም ሰውየው ዘወትር ከሚሠራው ሁለት ነገር ይምረጡ። 20 ሊትር ጀሪካን ያነሣ የነበረ አሁን ስንት ሊትር ያነሣል? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እስኪደርስ ስንት ቦታ ያርፋል? ኮንዶሚኒየም የሚኖር ከሆነ ስንተኛው ፎቅ ላይ ይቆማል? ለእያንዳንዱ ሦስት ቁጥር ይጻፉ፦ የዛሬ ዓመት፣ ባለፈው ትልቅ በዓል እና በዚህ ሳምንት። ወር ጠቅሰው ቢጠይቁ ግምት ነው የሚነገርዎት። «ለጥምቀት ታቦቱን እስከ የት ሸኙ?» ወይም «ለዒድ ሰላት በእግር ሄዱ ወይስ በመኪና?» ሲሉ ግን ሰውየው ቀኑን ያየዋል።

ለቅሶ፣ ዕድርና ማኅበርም መለኪያ ናቸው። ማኅበር ያስታጎለ ሰው ምክንያቱን ይጠየቅ። «መንገዱ ራቀኝ» እና «ሰው ማየት ጠላሁ» ወደ ተለያየ ቦታ ያመራሉ።

3. የሁለት ሳምንት ደብተር

በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ሲነሡ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይና ከመኝታ በፊት፣ አሥሩን ፍሬ ባቄላ ፊታቸው ያስቀምጡና «ጤነኛ በነበሩ ጊዜ አሥሩም ነበሩ እንበል። አሁን ስንቱ አለዎት?» ብለው ይጠይቁ። ለተማረም ላልተማረም ይሠራል። «ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ይስጡ» ሲባሉ ግራ የሚጋቡ አዛውንት ባቄላውን ያለ ችግር ይከፍሉታል። የትናንቱን ቁጥር አያሳዩ፤ ካዩት እሱኑ ይደግሙልዎታል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በባቄላው 10 ሙሉ ጉልበት ነው፤ በሕክምና ቤት ብዙዎቹ መጠይቆች ደግሞ ትልቁ ቁጥር ከባድ ድካም ነው። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «10 = ሙሉ ጉልበት» ብለው በትልቁ ይጻፉ። ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ ሐኪም ነገሩን ገልብጦ ሲያነብ አይቻለሁ።

ከቁጥሩ ጎን አንድ መስመር ማስታወሻ ይበቃል። እንዲህ፦

ማክሰኞ፦ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ተነሣች። ጠዋት 6፣ ቀን 4፣ ማታ 3። ጎረቤት ለቅሶ ደርሳ በእግር ተመለሰች።

ረቡዕ፦ ጾም፤ እስከ 9 ሰዓት አልበላችም። የስኳር ኪኒኗን ጠዋት ወስዳለች። ጠዋት 3፣ ቀን 1፣ ማታ 4። ቀን 8 ሰዓት ላይ አላባት፤ ስኳሯ 64። ስኳር በውሃ አጠጣናት፣ በ15 ደቂቃ 96 ሆነ።

ሐሙስ፦ ደህና ተኛች። ጠዋት 5፣ ቀን 5፣ ማታ 4። ከቤት አልወጣችም።

እነዚህ ሦስት መስመሮች የሚናገሩት ብዙ ነው። የማክሰኞው ለቅሶ ዋጋ የተከፈለው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ሥር በሰደደ ሕመም ውስጥ ድካም አንድ ቀን ዘግይቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። ረቡዕ ቀን የሆነው ግን ሌላ ነው። እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ስኳር አውራጅ ኪኒን በባዶ ሆድ ተወስዶ ስኳሩ ወርዷል። ይህ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሳምንት ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው፤ ኪኒኑ በጾም ቀን መጠኑና ሰዓቱ ሊስተካከል ይገባዋል። አስታማሚዋ ጾሙንና ኪኒኑን ባትጽፍ ኖሮ የሚቀረው «ረቡዕ ደክሟታል» ብቻ ነበር።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረመዳንም አንድ ወር። ደብተሩ በጾም ወቅት ከተጀመረ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ይጻፍ። በፍስክ ከተሞላው ደብተር ጋር እኩል ማወዳደር አይቻልም። ጫት የሚቅም ሰው ከሆነም የቃመበትን ቀን ያለ ወቀሳ ይመዝግቡ፤ የዚያ ሌሊት እንቅልፍና የማግስቱ ድካም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

4. ሰውነቱን ይመልከቱ

በሁለቱ ሳምንታት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚደረግ ነው።

ወንበሩን ግድግዳ ያስደግፉ። ሕመምተኛው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይቀመጥ፤ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆሞ እንደሚቀመጥ ይቁጠሩ። እርስዎ አጠገቡ ይቁሙ። ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት ካልቻለ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ «በእጅ» ብለው ይጻፉበት። ደረቱን የሚያመው፣ የሚያዞረው ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ይህን አይሞክር። በዕድሜና በጾታ የተዘጋጁ የውጭ አገር ሠንጠረዦች አሉ፤ እኔ ግን ለቤት ሥራ የራሱን የመጀመሪያ ቁጥር እመርጣለሁ። ከ11 ወደ 7 መውረድ ሠንጠረዥ አያስፈልገውም።

ክብደት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ ይለካል። የልብ ሕመምተኛ በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ የበላው ሳይሆን ውሃ ነው፤ ቶሎ ይታይ። ሳይፈልግ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ የቀነሰ፣ ለምሳሌ 60 ኪሎ ሆኖ 57 የገባ፣ «ሸንቀጥ አለ» ተብሎ አይታለፍ። የቅልጥሙን ፊት ለፊት በአውራ ጣት ለጥቂት ሴኮንድ ይጫኑ፤ ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት አለ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርገው ውስጡን ይዩ፤ ከነጣ ደም ማነስ ይጠረጠራል፣ ማረጋገጫው ግን የደም ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያ ሄሞግሎቢን ለአዋቂ ወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ነው ይላል።

የልብ ምት ከአምስት ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል፤ በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ነው። ግፊት መለኪያ ካለ አምስት ደቂቃ ተኝቶ ይለኩ፣ ከዚያ ቆሞ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ይጻፉ።

5. ስሜቱን ይጠይቁ

ብዙ ቤተሰብ ይህን ይዘለዋል። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረ ነገር አላስደስት ብሎዎታል? ልብዎ አዝኖ፣ ተስፋ ቆርጠው ነበር? «ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት» የሚል መልስ ከመጣ ለሐኪሙ ይነገር። ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መጠይቅ ከዘጠኙ አንዱ ራሱ ስለ ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ በኩላሊት ወይም በልብ ሕመም የደከመ ሰው ነጥቡ ከፍ ሊል ይችላል፤ ከድምሩ ይልቅ የትኛው ጥያቄ ነጥቡን እንዳመጣው ማየት ይሻላል።

«ሞት በገላገለኝ» የሚል ቃል ከሰሙ በቀጥታ ይጠይቁ፦ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካሉ ብቻቸውን አይተዉ፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።

6. ፌስታሉን ይሙሉ

ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይግባ፤ ከክትትል የተሰጠው፣ ከፋርማሲ በራስ የተገዛው፣ ከጎረቤት የተለገሰው፣ ከውጭ የተላከው፣ ዳማከሴውና ሌላው የባህል መድኃኒትም። በእያንዳንዱ ላይ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድና መቼ እንደተጀመረ ይጻፉ። ድካሙ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት የተጀመረ መድኃኒት ካለ ክብ ያድርጉበት።

ድካም ከሚያመጡት መካከል አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ያዘገያሉ። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያበዛል። ፉሮስማይድ ፖታሲየም ያወርዳል፤ ማታ ከተወሰደም ሌሊቱን ሲያመላልስ ያድራል። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ዚዶቩዲን ደም ማነስ ያመጣል። ይህን የምጽፈው እንዲያቋርጡ አይደለም። አቴኖሎልን በድንገት ማቆም ልብን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንን ማቆምም እንዲሁ።

ጠበል ገብተው መድኃኒት ያቋረጡበት ጊዜ ካለም ይጻፍ። ይህን የሚደብቁት ቁጣ ፈርተው ነው። ሳይወሰድ የቀረ መድኃኒት «አልሠራም» ተብሎ መጠኑ እንዳይጨመርበት እውነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

7. አጠቃላይ ጤናውን በአምስት በኩል ያስቀምጡ

ድካም ብቻውን ሙሉ ሥዕል አይሰጥም። በብዙ አገር የሚሠራበትና በአማርኛም የተዘጋጀው ኢኪው-5ዲ የተባለው መጠይቅ ጤናን በአምስት በኩል ይጠይቃል፦ መንቀሳቀስ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዘወትር ሥራ፣ ሕመም ወይም አለመመቸት፣ ጭንቀት ወይም ድብርት። መጨረሻ ላይ ከ0 እስከ 100 በተቆጠረ መስመር ላይ «የዛሬ ጤናዎ የት ነው?» ይላል። በደብተሩ መጨረሻ አምስቱን ጽፈው ከእያንዳንዱ ጎን «ችግር የለም»፣ «ጥቂት»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» ወይም «ጭራሽ አይችልም» ይበሉ። ለሕመምና ለጭንቀት የመጨረሻው «እጅግ ከባድ» ይሆናል። መልሱ የሕመምተኛው ነው። እርስዎ ካልተስማሙ የእርስዎን በሌላ መስመር ይጻፉ፤ ልዩነቱ ራሱ ወሬ አለው።

ክትትል ክፍሉ የድካም መጠይቅ ካለው ያስሞሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የድካም ክብደት መለኪያ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይሰጠዋል፣ አማካዩ 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ድካሙ ከበድ ያለ ነው ይባላል።

8. ለሐኪሙ በአንድ ደቂቃ ይናገሩ

ጊዜው አጭር ነው፣ ከበሩ ውጭም ሰው ተሰልፏል። ሦስት ነገር ይበሉ፦ ምን እንደቀነሰ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን አብሮ እንደመጣ። «ለገና ደረጃውን ሳያርፉ ይወጡ ነበር። ከጥር ወዲህ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያርፋሉ፤ የሚያቆማቸው ትንፋሽ ነው። ሦስት ትራስ ይደርባሉ፣ በሳምንት 2 ኪሎ ጨምረዋል።» ይህን የሰማ ሐኪም «እንዴት ነዎት?» ብሎ አይቀጥልም። ከዚያ ደብተሩንና ፌስታሉን ያቅርቡ፤ ደም ማነስ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ፖታሲየምና የእንቅርት ዕጢ መታየት ያስፈልጋቸው እንደሆነም ይጠይቁ። ወላጅ እዚያው ስለተቀመጡ ሊያስተባብሉ ይችላሉ። አስቀድመው ቤት ውስጥ «ይህን እነግራለሁ» ብለው ያስፈቅዷቸው፤ ሐኪም ፊት መካሰስ ለማንም አይበጅም።

ከባሕር ማዶ የሚደውሉ ልጆችም አሉ፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆነው «እማዬ ደህና ነሽ?» ይላሉ፣ «ደህና ነኝ» ይባላሉ፣ ይዘጋሉ። በዚያ ፈንታ «ዛሬ ምን ሠራሽ? ማን ጋገረ? ቅዳሴ ሄደሽ ነበር?» ቢሉ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሁኔታው ይገባቸዋል። እያወራች ትንፋሽ ለመሳብ ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ካቋረጠች እሱንም ያስተውሉ።

ሕክምናው ከተስተካከለ በኋላ ከሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ቀድመው ሁሉንም ይድገሙ። በዚያው ደብተር፣ በዚያው ሰዓት፣ ቢቻል የሚጠይቀውም ያው ሰው ሆኖ። ወንበሩም ያው ይሁን፤ ዝቅ ካለ ወንበር መነሣት ስለሚከብድ የወንበር ለውጥ የጤና ለውጥ መስሎ ይታያል።